ሀናፊን ይመጣል

ጎብናት ሀናፊን አባ ኩዊልን ከመኪናዋ ያወረደቻቸው ዕለት ዝናቡ ለጉድ ነበር። ከጎረቤት ደብር ቀብር ውለው ሲመለሱ ነው። ቄሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ኮታቸውን ሰብስበው፣ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ እያዩ፣ "እንግዲህ ፀሐይዋም ሀናፊን ይመጣል ሆና ቀረች" አሉ። ክፋት አልነበራቸውም። የመንደራችን የኖክደራ ሰው ሁሉ እንደሚለው ነው ያሉት።

ጎብናት መኪናውን ዳር አስያዘችና ሞተሩን አጠፋች።

"ምነው፣ ጎማ ነው?" አሉ ቄሱ።

"አይደለም አባ። ይውረዱ።"

"የት?"

"እዚሁ።"

"ልጄ፣ ዝናብ እኮ ነው!"

"አያለሁ። ጃንጥላ ይዘዋል።"

"ጎብናት፣ እኔ እኮ ቄስሽ ነኝ።"

"አውቃለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እርስዎ የሚሉትን እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እዚህ ውስጥ ግን በአያቴ ስም የሚቀልድ ሰው አልጭንም። ከዛሬ ጀምሮ።"

"ሳላስበው ነው ያልኩት።"

"ሁሉም ሳያስበው ነው የሚለው። በእግርዎ ሲሄዱ ያስቡበት።"

እኔና ባሌ ከአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ በኩል ሱቅ፣ በሌላው በኩል መጠጥ ቤት ነው ያለን። ቄሱ በራችን ላይ ሲደርሱ ከባርኔጣቸው ጫፍ ውኃው እንደ አሸንዳ ይወርድ ነበር። ኮታቸውን ተቀብዬ እሳቱ ፊት ሰቀልኩት። ባሌ ባት ውስኪ በሙቅ ውኃ አድርጎ ሰጣቸው።

"ያቺ ሴት ምን ነካት?" አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

የሆነውን ሲነግሩን ባት ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የሌለ ነገር ሊያነሳ ሞከረ። እኔ አልሳቅኩም። ጎብናትን አውቃታለሁ። ነገሩ በዝናብ ብቻ እንደማያበቃ ገብቶኛል።

እኔ ወደ ኖክደራ በትዳር ስመጣ ከሁሉ በፊት የለመድኩት አባባል እሱ ነበር። ዶሮ እንቁላል ስታቆም "ሀናፊን ይመጣል" ይባላል። አውቶቡስ ሲዘገይ እንደዚያው ነው። ባት ጣራውን ነገ እጠግናለሁ ባለኝ ቁጥር እናቱ ከምድጃው ዳር ሆና፣ ሹራቧን ከመሥራት ቀና ሳትል፣ "ሀናፊን ይመጣል!" ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሙሽራ ሲቀር፣ ዓሣ ሲጠፋ፣ የምክር ቤት ተመራጩ ድልድይ እሠራለሁ ሲል፣ ሁሉም ያችኑ ነው የሚላት።

የመጣችበትን ታሪክ ማንም በጥቂት ቃል ይነግርሃል። በአያቶቻችን ዘመን ባለርስቱ ሰዎቹን ልኮ ከኮረብታው ላይ አንድ ቤተሰብ አስወጣ፤ ጣራቸውን አፈረሰ። የቤቱ እመቤት ታማ ነበር። በዚያ ወገን ፈረስና ጋሪ የነበረው የጎብናት አያት ዳራ ሀናፊን ብቻ ነው። "እመጣለሁ፤ እህቷ ቤት አደርሳታለሁ" አለ። አልመጣም። ሴትዮዋ መንገድ ዳር ሞተች። ከዚያ ወዲህ ከዘጠና ዓመት በላይ፣ ቃሉን የበላ ሁሉ ሀናፊን ነው።

የጎብናት አባት ይህን ተሸክሞ ነው የኖረው። ገበያ ወጥቶ ጥጃ ሸጦ "ሐሙስ አመጣልሃለሁ" ባለ ቁጥር ገዢው ዙሪያውን ያያል፣ ሰው ይንጫጫል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ጎብናት የአባቷን ሳቅ ነበር የምትጠላው። ወንድሟ ኮልማን ደግሞ አንድ ጊዜ ዳንስ ቤት ውስጥ "ሻይ ላምጣልሽ?" ያላት ልጅ ያችኑ ቃል ብላ ከጓደኞቿ ጋር ሳቀችበት። በወሩ ሊቨርፑል ገባ። "እዚህ ሀናፊን ስም ብቻ ነው" ብሎ ለጎብናት ጻፈላት።

ጎብናት አልሄደችም። ጡረታ ከወጣ የከብት ሐኪም ጥቁር ፎርድ ገዛች፤ በአካባቢው አንድ ለእናቱ የሆነ የኪራይ መኪና። ምጥ የያዛትን ሆስፒታል፣ ሙሽራን ቤተ ክርስቲያን፣ የአሳማ ግልገል በጆንያ ገበያ የምታደርስ እሷ ነበረች። ዘግይታ አታውቅም። ጎማ ከፈነዳ በሌላ ሰው ጋሪ ትመጣለች፤ ካልሆነም በእግሯ መጥታ "ጎማ ፈንድቷል፣ ታገሡኝ" ትላለች። ሰዉም መኪናዋ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ጀርባዋን እያየ፣ ያችኑ ቃል ይላል። እሷ ማርሽ ትቀይራለች እንጂ ምንም አትልም ነበር።

ያን ዓመት በጋ ኮልማን ትንሽ ልጁን ይዞ ለእረፍት መጣ። ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ሱቃችን ከረሜላ ልትገዛ ገባች። አንዱ ሰውዬ ስለ አውቶቡሱ ሲያወራ ቃሏን ጣል አደረገ። ልጅቷ ዞር ብላ፣ "የሚመጣው አባዬ ነው?" አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም መልካም ነገር የተናገረች መስሏት ሳቀች። ጎብናት እጇን ያዘችና ይዛት ወጣች፤ ከረሜላው ባንኮኒው ላይ ቀረ። ቄሱ ዝናብ ውስጥ የወረዱት ከዚያ በኋላ ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ መኪናዋን ተደግፋ ሁሉም ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ስሙኝ! የአያቴን ቃል በመኪናዬ ውስጥ የሚል ሰው በተናገረበት ቦታ ይወርዳል። ቄስም ቢሆን፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን። ነፍሰ ጡሮች ግን ከወለዱ በኋላ ነው የማወርዳቸው" አለች።

"መኪናሽ ውጪ ብንለውስ?" አለ ቀጥቃጩ ታይግ።

"እግር አለህ። ከዚያ ወዲያ አልጭንህም፤ በሱ መሄድ ትለምዳለህ።"

"ኧረ ተይ ጎብናት፣ ቀልድ እኮ ነው!"

"በስምህ ቀልድና ልስማህ። በል እስቲ።"

ታይግ መልስ አላጣም ነበር፤ ግን ሚስቱ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው።

ሰው የፈተናት በዚያው ሳምንት ነው። ታይግ ራሱ ሁለት የአሳማ ግልገል በጆንያ ይዞ ተሳፍሮ፣ መንገድ አጋማሽ ላይ ሆን ብሎ አላት። አወረደችው። ጆንያው ተፈታና ግልገሎቹ ወደ ረግረጉ ሮጡ። ለማገዶ የሚሆን የረግረግ አፈር የሚቆርጡ ሰዎች ታይግን እስከ ጭኑ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲሳደብ አይተው አካፋቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ ማንም አልረዳውም። ፔግ ኩርቲን የምትባል ባልቴት ደግሞ የገዛ ራሷ የግቢ በር ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ቃሉ አመለጣት። ጎብናት እዚያው አቆመች። "ኧረ ደርሰናል እኮ!" አለች ፔግ። "እንግዲያው ሩቅ አይሆንብሽም" አለቻት።

ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ግማሹ "እውነቷን ነው" አለ፤ ግማሹ "የአባቶቻችንን ቋንቋ ልታርም ማን ሾማት?" አለ። ብዙዎች በመኪናዋ መሄድ ተዉ። አውቶቡሱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚያልፍ ሰው በእግሩ ሄደ፣ በጋሪ ተጨናንቆ ሄደ፣ ገበያ ቀረ። ጎብናትም ሥራ ሲጠፋ አካፋ ይዛ ረግረጉ ውስጥ የማገዶ አፈር ትቆርጥ ጀመር፣ የሸራ ሱሪ ለብሳ፣ ከወንዶቹ ጎን። ቀና ብላ ሰላም ትላቸዋለች። እነሱም ሰላም ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወደ አካፋው።

አንድ ጠዋት የአጥሯ ግንብ ላይ በኖራ፣ በትልልቅ ፊደል፣ "ሀናፊን ይመጣል" ተብሎ ተጽፎ አገኘችው። አላጠበችውም። ኖራ በጥብጣ፣ ብሩሽ ይዛ ወጣችና ከሥሩ በዚያው መጠን፣ "መጥታለች። በሩን አንኳኩ" ብላ ጻፈች። ሰው ሊያየው ብሎ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመረ። ያንኳኳ ግን የለም።

ሽማግሌው ሙሪስ ዴቫን እስከዚያ ድረስ ምንም አልተናገሩም ነበር።

ሙሪስ በኖክደራ የአባባል ባለቤት ናቸው። ለዝናብ፣ ለሚስት፣ ለላም፣ ለስግብግብ ወራሽ፣ ለሁሉም በአይሪሽ ቋንቋ የሚሉት አላቸው። ሁለት ሰው በድንበር ቢጣላ ወደ እሳቸው ይሄዳል። ፒፓቸውን አውጥተው፣ አመዱን አራግፈው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። የተጣሉት ሰዎች ቢስማሙም ባይስማሙም ያችን ዓረፍተ ነገር ይዘው ይሄዳሉ፤ በሚቀጥለው ቀን አገሩ ሁሉ ያውቃታል። የጎብናትን ደንብ ሲሰሙ ግን አባባል አልፈለጉም። ሱቃችን ገብተው ትንባሆ ገዝተው፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው፣ "ለዚያች ሴት ንገሯት፤ በእግሬ መቃብሬ እገባለሁ እንጂ መኪናዋን አልረግጥም" አሉ። ወጡ።

አባ ኩዊል ነገሩ መንደሩን ለሁለት መክፈሉ አስጨነቃቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በደብሩ አዳራሽ ሰው ሰበሰቡ። ወንበር ጠፍቶ ሰው በመስኮት ላይ ተቀመጠ። ሲያዩት ለእርቅ የመጣ አይመስልም፤ ጨዋታ ሊያይ የመጣ ነው የሚመስለው። ጎብናት የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ፣ ከፊት ረድፍ፣ ብቻዋን ተቀመጠች። ከጎኗ ማንም አልነበረም። ባት ጎትቶ ቢይዘኝም ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

"ልጄ ጎብናት" አሉ ቄሱ፣ "እኔን ማውረድሽን ይቅር ብያለሁ። አሁን አንቺም ሰዉን ይቅር በይ። የቆየ አባባል ነው፤ ማንንም አይገድልም።"

"አባቴን ገድሏል" አለች ጎብናት። "ቀስ ብሎ ነው የገደለው። ወንድሜን ከአገር አባርሯል። እኔን ግን አያባርረኝም።"

ከኋላ ታይግ፣ "እሺ፣ ምን እንበል እንግዲህ? አውቶቡስ ሲቀር ምን እንበል?" አለ።

"አውቶቡስ ቀረ በል! ሰባት ልጅ የወለድክ ሰው አንዲት ቃል ከራስህ መውለድ አቃተህ?"

ሳቅ ሆነ። ያኔ ሙሪስ ተነሡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሳቁ ቆመ።

"እኔ ልናገር" አሉ። "አንቺ ልጅ፣ አባባሉ የአያትሽ ይመስልሻል። የአያትሽ አይደለም። የእኔ ነው።"

ጎብናት ዞራ አየቻቸው።

"መንገድ ዳር የሞተችው ሴት የአባቴ እናት ናት። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማታውቁትን ልንገራችሁ። ያን ቃል ያመጣው አባቴ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ጭድ ላይ ተኝታ፣ የካቲት ነው፣ ብርድ ነው፣ 'መጣ ወይ?' ትለዋለች። መንገዱን አይቶ፣ 'ሀናፊን ይመጣል፣ እማዬ' ይላታል። ደግማ ትጠይቀዋለች። 'ሀናፊን ይመጣል።' እንደዚያ ሲላት አደረ። ጠዋት ሲላት አልሰማችውም።"

ባርኔጣቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"መቃብሯ የት እንደሆነ አላውቅም" አሉ ሙሪስ። "የድሆች መጠለያው ሰዎች ወስደው ከሌሎች ጋር ቀበሯት። ድንጋይ የላት፣ መስቀል የላት። ከሷ የቀረው ያች ቃል ብቻ ናት። እና አንቺ ከአፋችን አውጡት ትያለሽ? መቃብሯን አፍርሱ ማለት ነው። አላወጣም! ከመኪና ማውረድ አይደለም፣ ከሰማይ ብታወርጂኝ አላወጣም!"

ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ወደ ጎብናት ዞረ። አለቀላት ብዬ አሰብኩ። እኔስ ብሆን ምን እል ነበር?

ጎብናት ተነሣች። ወደ ሙሪስ አልሄደችም፤ ወደ ሰዉ ነው የዞረችው።

"ስሟ ማን ነበር?" አለች።

ዓይኗን በየረድፉ አሻገረች።

"ታይግ! ያን ቃል በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትለው? ስሟ ማን ነበር? ፔግ፣ አንቺስ? አባ፣ ደብርዎ ናት፣ ማን ትባል ነበር?"

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። አንዱ ከኋላ፣ "ወይዘሮ ዴቫን" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እሱ የባሏ ስም ነው! የሷን ነው የጠየቅኩት።" ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። "የእኔን አያት ስም ዘጠና ዓመት ይዛችሁታል። ዶሮ ሳትጥል ትጠሩታላችሁ፣ አሳማ ሲጠፋ ትጠሩታላችሁ። የሷን አንድ ቀን አልያዛችሁትም። ይህ ነው መቃብሯ? ሰክራችሁ የምትስቁበት?"

ከዚያ ወደ ሙሪስ ዞረች፤ ቃሏ ለስላሳ ሆነ እንጂ አልተመለሰችም።

"አያቴ አልመጣም። አላስተባብልም። የባለርስቱን ሰዎች ፈርቶ ይሁን፣ ሰክሮ ይሁን፣ አላውቅም፤ ለማንም አልነገረም። አጠፋ። ግን እሱ ሞቷል። እኔ ሀያ ዓመት ሙሉ ጠርታችሁኝ የቀረሁበት ቀን ካለ፣ አንድ ሰው ይነሣና ይንገረኝ። አሁን። ቆሜ እጠብቃለሁ።"

ቆማ ጠበቀች። እውነቴን ነው፣ ቆማ ጠበቀች። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲመታ ይሰማል። ማንም አልተነሣም። በመጨረሻ ሙሪስ ከተቀመጡበት፣ ባርኔጣቸውን እያዩ፣ "ሶርሃ" አሉ። "ሶርሃ ሞሪያርቲ ነበር ስሟ።"

"ሰምቼ አላውቅም" አለች ጎብናት።

"እኔም ለማንም ተናግሬ አላውቅም" አሉ ሙሪስ።

ኮቷን ለበሰችና ወጣች። ስብሰባው ሳይዘጋ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ሙሪስ ዝም አሉ። ሁለት ወንድማማቾች በጋራ ጉድጓድ ተጣልተው ቢሄዱባቸው፣ "ዛሬ የምላችሁ የለኝም" ብለው በር ዘጉባቸው። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ሰው ታመዋል አለ። እናቴ እንኳ ከጎረቤት ደብር ሆና ሰምታ ጠየቀችኝ።

አንድ ማክሰኞ ከጎብናት ጋር ለሱቁ ዕቃ ልናመጣ ወደ ከተማ ስንወጣ፣ በግንቧ ጥግ፣ በኖራው ጽሑፍ ሥር፣ ሽማግሌው ቆመው አገኘናቸው። የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል። ጎብናት ፍሬን ያዘች።

"አላንኳኩም" አለቻቸው በመስኮቱ።

"ላንኳኳ ስል ወጣሽ።"

"የት ነው?"

"ሁለቱ ኮረብታዎች መሃል ያለው ክፍተት ጋ። የሞተችበትን ቦታ ላሳይሽ።"

ከኋላ ገብተው ተቀመጡ። በመንገዱ ሁሉ አልተነጋገሩም። መንገዱ በሁለት ኮረብታ መሃል ከሚያልፍበት ቦታ ስንደርስ ትከሻዋን ነካ አደረጓት፤ ቆመች። ወርደን ከቦዩ ዳር ቆምን። ሣርና የዱር ቅጠላ ቅጠል ብቻ ነው። ነፋሱ ከባሕሩ ይመጣል። ሙሪስ በከዘራቸው መሬቱን ነካ አድርገው፣ "እዚህ ነው። አባቴ በየዓመቱ ያመጣኝ ነበር። እዚህ ቆሞ ወደዚያ ያያል" አሉ፣ የሀናፊኖች ቤት ወዳለበት አቅጣጫ እያሳዩ።

ጎብናትም ወደዚያው አየች። ከዚያ ቦታ የቤቷ ጭስ ማውጫ በግልጽ ይታያል። ፊቷ ተለወጠ። ይህን ያህል ቅርብ ይሆናል ብላ አላሰበችም መሰለኝ።

"አያትሽን ይቅር አላልኩም" አሉ ሙሪስ።

"አልለመንኩም።"

"እወቂው ብዬ ነው።"

"አወቅኩት። ድንጋይ ይቁምላት?"

ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። "የቤታችን የበሩ ጉበን እላይ ኮረብታው ላይ ወድቆ አለ" አሉ። "ሲያፈርሱት አልተሰበረም።"

ጉበኑን ከኮረብታው ያወረዱት ታይግና ወንድሞቹ ናቸው፤ በሰንሰለትና በሁለት ፈረስ። ማንም አላዘዛቸውም። ታይግ ራሱ በመሮ ፊደሉን ቀረጸ። ሙሪስ ከአጠገቡ ተቀምጠው፣ "ሃውን አጠማመምከው" እያሉ አሰቃዩት። ስሟና ዓመቱ ብቻ ተጻፈ። ስለ ሀናፊን ምንም አልተጻፈም። "ይጻፍ ካሉ ይጻፍ" ብላቸው ነበር ጎብናት። "የእናትና የልጅ ነገር ነው፤ እሱ ምን አገባው?" አሏት።

በመስከረም የመንገድ ሥራ ሰዎች መጡ። መንገዱ ሊሰፋ፣ ሬንጅ ሊፈስበት ነው። መሐንዲሱ ወጣት፣ ጨዋ ልጅ ነበር። ድንጋዩን አየ፣ ካርታውን አየ፣ ከዚያ ይነሣ አለ፤ ካስፈለገ መቃብር ቦታ ይወሰድላችኋል አለ።

ወሬው ሱቃችን ሲደርስ ሮጠን ሄድን። ስንደርስ ጥቁሩ ፎርድ መንገዱን በአግድም ዘግቶ ቆሟል። ጎብናት የፊት መከለያው ላይ ተቀምጣለች። ሙሪስ ጉበኑን ተደግፈው፣ ፒፓቸውን እያጨሱ ነው።

"እመቤቴ፣ መኪናውን ያንሡልን" ይላል መሐንዲሱ።

"አይነሣም።"

"ተበላሽቶ ነው?"

"በደንብ ይሠራል።"

"እንግዲያው ምን ፈልገው ነው?"

"ይህችን ሴት አንድ ጊዜ ከቤቷ አስነሥተዋታል" አለች ጎብናት። "ሁለተኛ አትነሣም።"

"ትእዛዝ ነው እኮ፤ እኔ..."

"ያን ጊዜም ትእዛዝ ነበር" አሉ ሙሪስ። ጭሱን አወጡ። "አንተን አልጠላህም ልጄ። ግን እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፣ ሌላ ሥራ የለኝም። እዚሁ እውላለሁ።"

ቀስ በቀስ ሰው መጣ። ፔግ ወንበር ይዛ መጣች፤ ተቀመጠችበት። ባት ዳቦና አይብ፣ አንድ በርሜል ቢራም በጋሪ ጭኖ መጣ። አባ ኩዊል ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፤ የሚያስታርቁ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ከድንጋዩ በስተግራ ሄደው ቆሙ። ሠራተኞቹ አካፋቸውን መሬት ላይ ጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የአካባቢው ልጅ ስለነበር ቢራው ጋ ደረሰ። ሬንጁ ማቅለጫው ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው።

መሐንዲሱ ወደ ከተማ ሰው ላከ። የመጣው መልስ ቁጣ ነበር። በማግሥቱም መኪናው እዚያው ነበር፤ ከማግሥቱ በስቲያም። ፖሊሱ ብስክሌቱን እየገፋ መጣና ጎብናትን ስሟን ጠየቃት።

"ሀናፊን" አለች፣ ፊደል በፊደል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ጎብናት ሀናፊን። በትልቁ ጻፈው።"

ፖሊሱ ጻፈ፤ ከዚያ ዙሪያውን አየ፣ ሃምሳ የሚሆን ሰው ያየዋል። ደብተሩን ኪሱ ከተተና ብስክሌቱን አዙሮ ሄደ።

በሳምንቱ መሐንዲሱ ካርታውን መኪናዋ መከለያ ላይ ዘርግቶ፣ እሷ አንዱን ጫፍ ይዛለት፣ በእርሳስ አዲስ መስመር አሠመረ። መንገዱ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ እንዲጎብጥ ሆነ። ሙሪስ አንገታቸውን አስግገው እያዩ፣ "ትንሽ ጨምርበት። እግሯን ልትዘረጋ ትችላለች" አሉት።

መሐንዲሱ ላጲሱን አውጥቶ መስመሩን እንደገና ወደ ቀኝ ገፋው።